ፋስትፒች ሶፍትቦል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ላይ ጓንት አድርገን ኳስ ስንቀባበል ሰዎች ቆም ብለው የሚጠይቁንን ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምረን እንዲህ መልሰናል።

ፋስትፒች ሶፍትቦል ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋች ያላቸው ሁለት ቡድኖች በኳስና በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አንዱ ቡድን ሜዳው ላይ ተበትኖ ይከላከላል። ሌላው ተራ በተራ መቺ ይልካል። የተከላካዩ ቡድን ወርዋሪ ፒቸር ትባላለች፤ ኳሱን ለመቺዋ ትወረውራለች። መቺዋ ትመታና ትሮጣለች። ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ ቤዞች አሉ። ሦስቱን በቅደም ተከተል ረግጣ ወደ መነሻዋ፣ ወደ ሆም ፕሌት፣ ከተመለሰች አንድ ነጥብ ይቆጠራል።

ስሎውፒች የሚባል ዝግ ያለ ዓይነትም አለ። በዚያኛው ኳሱ ወደ ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ተጫዋቾቹም አሥር ናቸው። እዚህ የምናወራው ስለ ፈጣኑ ብቻ ነው። «ፒቸሯ»፣ «መቺዋ» እያልን በሴት የምንጽፈው ደግሞ በብዛት የሚታየው የሴቶቹ ጨዋታ ስለሆነ ነው። ወንዶችም ይጫወቱታል፤ የራሳቸው የዓለም ዋንጫም አላቸው።

ቤዝቦል ማለት አይደለም እንዴ?

ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ሶፍትቦል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ውስጥ ነው። ፋራገት በሚባል የጀልባ ክለብ የተሰበሰቡ ወጣቶች የቦክስ ጓንት እንደ ኳስ ወረወሩ፣ በእንጨት መቱት። ጆርጅ ሃንኮክ የተባለ ሰው ነገሩን ወደ ጨዋታ ቀየረው። ስለዚህ መጀመሪያ የተጫወቱት ጣሪያ ሥር ነው።

ዛሬ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። በሶፍትቦል ከቤዝ እስከ ቤዝ 18.29 ሜትር ነው፤ በቤዝቦል 27.43 ሜትር። በሴቶች ጨዋታ ፒቸሯ ከመቺዋ የምትርቀው 13.11 ሜትር ነው፤ በቤዝቦል 18.44 ሜትር። የሶፍትቦል ኳስ ተለቅ ይላል፣ ዙሪያው ወደ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጨዋታው 7 ኢኒንግ (ዙር) ነው፤ የቤዝቦል 9። ፒቸሯ የምትወረውረውም ከታች ወደ ላይ ነው፣ ከትከሻ በላይ አይደለም። ኳሱ ለስላሳ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ፊት ላይ ካረፈ በደንብ ይጎዳል።

አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ሜዳው አጭር ነው፣ ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ የለም። ከዚህ በታች እንግዳ የሚሆኑባችሁ ሕጎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው።

ከገና ጨዋታ ጋር ይመሳሰላል?

ዱላና ኳሱን አይተው ይህን የሚጠይቁን አባቶች ብዙ ናቸው። አይመሳሰልም። በገና ሁሉም ተጫዋች ዱላ ይይዛል፤ ኳሱ መሬት ለመሬት እየተመታ ወደ ተጋጣሚ ወገን ይነዳል። በሶፍትቦል ዱላ የምትይዘው በተራዋ የቆመችው መቺ ብቻ ናት። ተከላካዮቹ ያላቸው ጓንት ነው። መቺዋም ከመታች በኋላ ዱላውን ጥላ ነው የምትሮጠው።

ጨዋታው መቼ ያልቃል? ሰዓት አለው?

እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታው በኢኒንግ ይቆጠራል። በአንድ ኢኒንግ ውስጥ ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የመምታት ዕድል ያገኛሉ። የመቺው ቡድን ሦስት ሰው እስኪወጣበት፣ ማለትም ሦስት አውት እስኪሞላ፣ ይመታል። ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ሰባት ኢኒንግ ሲያልቅ ብዙ ነጥብ ያለው ያሸንፋል።

ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ቀድሞ ይቆማል። በዓለም አቀፍ ውድድር ከአምስተኛው ኢኒንግ በኋላ የ7 ነጥብ ልዩነት ካለ ጨዋታው ያልቃል። ጥሩ ሕግ ነው እንላለን። በተለይ ጀማሪዎች ሲጫወቱ ተሸናፊውን ቡድን ከማያልቅ ስቃይ ያድናል።

ሜዳው ምን ያህል ይሰፋል? መሀል አዲስ አበባ ላይ የት ይመቻል?

ከሆም ፕሌት ተነስተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ 90 ዲግሪ ይሠራሉ። ጨዋታው የሚካሄደው በመካከላቸው ነው። በትልቅ የሴቶች ውድድር ከሆም ፕሌት እስከ አጥሩ ወደ 67 ሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ ለእኛ ከተማ የሚጠቅም ነገር አለ። የተለመደው የእግር ኳስ ሜዳ ወርዱ 68 ሜትር ገደማ ነው። የማዕዘን ባንዲራው ጋ ቆማችሁ ብታዩ ሁለቱ የኖራ መስመሮች ልክ 90 ዲግሪ ይገናኛሉ። ስለዚህ ከማዕዘኑ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ሆም ፕሌቱን ማስቀመጥ ነው፤ ሜዳው ተሠራ ማለት ነው። ከኋላ ግን ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሱን ለምትይዘው ለካቸሯና ለሚያመልጥ ኳስ የተወሰነ ሜትር መተው ያስፈልጋል።

ስድስት ኪሎ ያለው ጃንሜዳ ለዚህ ይመቻል፤ ሰፊ ነው። ችግሩ ክረምቱ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሣሩ ጭቃ ይሆናል፣ ሯጭ ይንሸራተታል፣ ኳሱም ውኃ ይጠጣል። ጥር 10 እና 11 ደግሞ ቦታው የጥምቀት ነው፤ ማንም ስለ ኳስ አያስብም። መስቀል አደባባይ ላይ ግን ዱላ አታንሱ። ሰው ይበዛል፣ መኪና አለ። እዚያ መቀባበል ብቻ።

ስትራይክ ምንድን ነው? ቦልስ?

በሆም ፕሌቱ ላይ፣ በመቺዋ ጉልበትና ብብት መካከል የሚያልፍ የማይታይ ሳጥን አለ። ኳሱ በዚያ ሳጥን ውስጥ ካለፈና መቺዋ ካልመታችው ስትራይክ ነው። ከሳጥኑ ውጭ ያለውን ብትሞክርና ብትስትም ስትራይክ ነው። ሦስት ስትራይክ ከሆነባት ትወጣለች። ኳሱ ከሳጥኑ ውጭ ሆኖ መቺዋ ዝም ካለችው ደግሞ ቦል ይባላል። አራት ቦል ሲሞላ ያለ ምንም ምት ወደ አንደኛ ቤዝ በእግሯ ትሄዳለች። ኳሱ ሰውነቷን ቢነካትም፣ ለማምለጥ እስከሞከረች ድረስ፣ አንደኛ ቤዝ ይሰጣታል።

መታችው ግን ኳሱ ከሁለቱ መስመሮች ውጭ ወጣ እንበል። ይህ ፎውል ነው፤ እንደ ስትራይክ ይቆጠራል። ሁለት ስትራይክ ካለባት ግን በተራ ፎውል አትወጣም፤ እንደገና ትሞክራለች። ጎበዝ መቺ ደስ የማይሏትን ኳሶች እየነካካች ፎውል ታደርጋለች። ፒቸሯን ታደክማለች፣ የምትፈልገው ኳስ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ለጀማሪ ተመልካች አሰልቺ የሚመስለው ይህ ፍልሚያ ለእኛ ከሆምራን፣ ኳሱን ከአጥሩ አሻግሮ ከመምታት፣ ይበልጣል።

መትታ ከሮጠች በኋላ እንዴት ልትወጣ ትችላለች?

ኳሱን አየር ላይ ሳለ ከያዙባት በቃ፣ ወጥታለች። ኳሱ መሬት ከነካ ደግሞ ተከላካዮቹ አንስተው እሷ ከመድረሷ በፊት ወደ አንደኛ ቤዝ ይወረውራሉ። እዚያ ያለችው ተጫዋች ኳሱን ይዛ ቤዙን ከረገጠች አውት ነው።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ሌሎቹ ሯጮች ላይ ነው። አንዳንዴ ቤዝ መርገጥ ብቻ ይበቃል፤ አንዳንዴ ሯጯን በኳሱ መንካት የግድ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሯጯ መመለሻ አላት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መቺዋ ከኋላ እየመጣችባት ስለሆነ ቤዟን መልቀቅ የግድ ከሆነባት፣ ወደፊት ያለውን ቤዝ መርገጥ ይበቃል። መመለስ የምትችል ከሆነ ግን እንደ አባሮሽ ነው፤ ኳሱን በያዘ እጅ ወይም ጓንት መንካት ያስፈልጋል።

አየር ላይ የተያዘ ኳስ ሌላ ጣጣ አለው። ሯጯ ኳሱ ከመያዙ በፊት ቤዟን ለቃ ከነበረ ተመልሳ መርገጥ አለባት። ሳትመለስ ኳሱ ቀድሟት ቤዙ ጋ ከደረሰ እሷም ትወጣለች። በአንድ ምት ሁለት ሰው የሚወጣው አንዱ እንዲህ ነው።

ከታች የተወረወረ ኳስ እንዴት ያን ያህል ይፈጥናል?

ፒቸሯ ክንዷን ሙሉ ክብ ታዞራለች። ኳሱን የምትለቀው እጇ ወርዶ ዳሌዋ አጠገብ ሲደርስ ነው። ኃይሉ ከክንድ ብቻ አይመጣም። እግሯ ከፒቸር ሰሌዳው ላይ ይገፋል፣ ወገብ ይዞራል፣ በመጨረሻ የእጅ አንጓዋ በፍጥነት ይታጠፋል። ምርጥ የሴት ፒቸሮች በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወረውራሉ። አሜሪካዊቷ ሞኒካ አቦት በ2012 በሰዓት 77 ማይል፣ ማለትም ወደ 124 ኪሎ ሜትር ወርውራ ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ኳሱ መቺዋ ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ወደ 0.4 ሰከንድ ብቻ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚወረውር የቤዝቦል ፒቸርም ለመቺው የሚሰጠው ጊዜ ከዚህ ብዙም አይለይም። «የሴቶች ስለሆነ ቀላል ነው» ለሚል ሰው ይህን ቁጥር ንገሩት።

ፍጥነት ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ማታለል ነው። ድሮፕ የሚባለው ኳስ መቺዋ ጋ ሲደርስ ይወርዳል። ራይዝ የሚባለው ከጠበቀችው ከፍ ብሎ ይመጣል። ቼንጅአፕ ደግሞ በዚያው የእጅ እንቅስቃሴ ተወርውሮ በጣም ዘግይቶ ይደርሳል፤ መቺዋ ቀድማ ዱላዋን አዙራ ባዶ አየር ትመታለች።

ክብ አዙሮ መወርወር ትከሻ አይጎዳም የሚሉ አሉ። እውነት አይደለም። ትከሻና ክንድ ላይ ከባድ ጫና አለው፤ ታዳጊዎችን ዕረፍት ሳይሰጡ ማስወርወር ጉዳት ያመጣል። በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ጃፓናዊቷ ዩኪኮ ኡኤኖ በሁለት ቀን ውስጥ 413 ኳስ ወርውራ አገሯን ለወርቅ አብቅታለች። እናደንቃታለን። ለ12 ዓመት ልጅ ግን አርአያ ልናደርገው የሚገባ ቁጥር አይደለም።

ዘጠኙ ተጫዋቾች የት የት ይቆማሉ? ሥራቸውስ?

ከሆም ፕሌቱ እንጀምር። ካቸሯ ከመቺዋ ጀርባ ቁጢጥ ትላለች። ጭምብል፣ የደረት መከላከያና የቅልጥም መከላከያ ታደርጋለች። ሜዳውን በሙሉ ፊት ለፊት የምታየው እሷ ብቻ ስለሆነች ቡድኑን የምትመራውም እሷ ናት። የሚወረወረውን የኳስ ዓይነት በጣቷ ምልክት ታሳያለች። ሯጭ ሁለተኛ ቤዝ ልትሰርቅ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጣ ልትይዝ፣ ስትነሳ 26 ሜትር ያህል አሻግራ በአንድ ትንፋሽ መወርወር አለባት። ፒቸሯ መሀል ላይ፣ 2.44 ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ውስጥ ትቆማለች። ኳሱን ከለቀቀች በኋላ እሷም ተከላካይ ናት፤ ያውም ለመቺዋ በጣም ቅርብ የሆነችው።

አራቱ ደግሞ የውስጥ ተከላካዮች ናቸው። ፈርስት ቤዝ ላይ ያለችው የቀሩት ሁሉ የሚወረውሩላትን ትይዛለች፤ ቁመትና ረጅም እጅ ይጠቅማታል። ሰከንድ ቤዝ የምትጫወተው የምትቆመው ቤዙ ላይ አይደለም፤ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ነው። ሾርትስቶፕ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ናት። ቀኝ እጅ መቺዎች የሚመቱት ኳስ በብዛት ወደዚያ ስለሚሄድ ብዙ ሥራ ያለባት እሷ ናት። ሰርድ ቤዝ ያለችው ደግሞ ደፋር መሆን አለባት። ባንት፣ ማለትም ዱላው ሳይወዛወዝ ኳሱን የሚነካበት አጭር ምት፣ ይመጣል ብላ ስትጠረጥር ወደፊት ተጠግታ ነው የምትጠብቀው። በዚያ ርቀት ኃይለኛ ምት ቢመጣ ጓንቷን ለማንሳት እንኳ ጊዜ ላይኖራት ይችላል። ብዙዎቹ የውስጥ ተከላካዮች የፊት መከላከያ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። እኛም ለታዳጊዎች ግዴታ ይሁን እንላለን።

ከኋላ ሦስት አሉ፤ ሌፍት ፊልድ፣ ሴንተር ፊልድ፣ ራይት ፊልድ። ሴንተሯ ፈጣኗ ናት፤ ሁለቱንም ጎን ትሸፍናለች። የራይት ፊልዷ እጅ ጠንካራ ቢሆን ይመረጣል፣ እስከ ሦስተኛ ቤዝ ረጅሙን ውርወራ የምትወረውረው እሷ ስለሆነች። ሜዳው አጭር በመሆኑ ደግሞ በቤዝቦል እምብዛም የማይታይ ነገር እዚህ ይታያል፦ መሬት ለመሬት የሄደን ኳስ ራይት ፊልዷ አንስታ መቺዋን አንደኛ ቤዝ ላይ ታስወጣታለች።

የወንድሜ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ «ሾርትስቶፕ ናት» አሉኝ። ጥሩ ነው?

እንኳን ደስ አለዎት፤ በጣም ጥሩ ነው። አሰልጣኞች አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን እግርና ጠንካራ እጅ ያላትን ልጅ ነው እዚያ የሚያቆሙት። በ2020 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ ጨዋታው በ2021 ነው የተካሄደው፣ ከአሜሪካዊት መቺ የተነሳ ኃይለኛ ኳስ የጃፓኗን ሰርድ ቤዝ እጅ መትቶ ተፈናጠረ። ሾርትስቶፗ ማና አትሱሚ መሬት ሳይነካ ያዘችውና ወዲያው ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረች። በአንድ ምት ሁለት ሰው ወጣ። ጃፓን 2 ለ 0 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። በስልክ ስታወሩ ይህን እንቅስቃሴ አይታው እንደሆነ ጠይቋት፤ ሳታየው አትቀርም።

ግራኝ ነኝ። የት ብጫወት ይሻላል?

ለፈርስት ቤዝ፣ ለፒቸርነትና ለኋላው ሜዳ ግራኝነት ችግር የለውም። ፈርስት ቤዝ ላይ እንዲያውም ይጠቅማል። ሾርትስቶፕ፣ ሰከንድ እና ሰርድ ቤዝ ላይ ግን ኳሱን ይዘሽ ወደ አንደኛ ለመወርወር ሰውነትሽን ማዞር አለብሽ፤ ያ ጊዜ ይበላል።

መምታት ላይ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። የግራ መቺ ወደ አንደኛ ቤዝ አንድ ሁለት እርምጃ ትቀርባለች። ስላፕ የሚባለው አመታት ከዚህ የመጣ ነው፦ መቺዋ ቆማ አትመታም፣ መሮጥ ጀምራ በሩጫው ላይ ኳሱን ትነካዋለች። ፈጣን ሯጭ አንደኛ ቤዝ ለመድረስ 3 ሰከንድ እንኳ ላይፈጅባት ይችላል። ሾርትስቶፗ ኳሱን አንዴ ካንሸራተተችው በቃ፣ አልቋል። ቀኝ እጅ ሆነው ሳለ ለዚሁ ሲሉ በግራ መምታት የሚለማመዱ ብዙ ናቸው።

አንደኛ ቤዝ ላይ ሁለት ቀለም ያለው ለምንድን ነው?

ግጭት ለመከላከል። ነጩ ግማሽ የተከላካይዋ ነው። ከመስመሩ ውጭ ያለው ብርቱካናማው የሯጯ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ እግራቸውን አያሳርፉም።

ሯጯ ቤዙ ላይ ተጣብቃ የምትቆመው ለምንድን ነው? ቤዝቦል ላይ እኮ ራቅ ይላሉ።

በፋስትፒች ኳሱ ከፒቸሯ እጅ ሳይወጣ ቤዝ መልቀቅ አይቻልም። ከለቀቀች አውት ናት፤ ውርወራውም አይቆጠርም። ምክንያቱን ካሰባችሁት ግልጽ ነው። ቤዞቹ በ18 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። ሯጯ ሦስት አራት ሜትር ቀድማ ብትጠብቅ ካቸሯ ፈጽሞ አትደርስባትም፤ መስረቅ እንደ ነፃ ስጦታ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሯጮች ሩጫ እንደሚጀምር አትሌት አንድ እግራቸውን ቤዙ ላይ አድርገው የፒቸሯን እጅ ብቻ ያያሉ።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ፣ ግን ከባድ ሕግ አለ። ምቱ አልቆ ፒቸሯ ኳሱን ክብዋ ውስጥ ከያዘች፣ ከቤዝ ርቃ ያለች ሯጭ መወላወል አይፈቀድላትም። ወዲያው ወደፊት ትሂድ ወይም ትመለስ። አንዴ ከመረጠች ሐሳቧን መቀየር አትችልም። ከቀየረች፣ ወይም ቆማ ከቀረች፣ አውት ናት። ፒቸሯ ለመወርወር እጇን ካነሳችባት ግን ሕጉ ይላላል። ልጆች ስናሠለጥን ብዙ አውት የምናየው እዚህ ጋ ነው።

ባንት ምንድን ነው? ለምን በኃይል አትመታም?

ባንት ማለት ዱላውን ሳያወዛውዙ ኳሱን እንዲነካው ብቻ ማድረግ ነው። ኳሱ መቺዋ ፊት ጥቂት ሜትር ተንከባሎ ይቆማል። ተከላካዮቹ ሮጠው እስኪያነሱት ጊዜ ይባክናል። ብዙ ጊዜ መቺዋ ራሷ ትወጣለች፣ ጓደኛዋ ግን አንድ ቤዝ ትሻገራለች። ትልልቅ ጨዋታዎች በአንድ ነጥብ ስለሚያልቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የተከላካዮቹን እንቅስቃሴ ተመልከቱ። ሰርድና ፈርስት ቤዝ ወደፊት ይሮጣሉ። ሰከንድ ቤዟ ባዶ የቀረውን አንደኛ ቤዝ ለመሸፈን ትፈተለካለች። ሾርትስቶፗ ሯጯ ወደምትሄድበት ቤዝ ትሄዳለች። አንዷ ከረሳች ኳሱን የሚቀበል ሰው አይኖርም። ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ስትራይክ ኖሮባት ባንቷ ፎውል ከሆነ መቺዋ ትወጣለች።

ሦስተኛ ስትራይክ ሆኖባት ለምን ትሮጣለች? አልወጣችም እንዴ?

ካቸሯ ሦስተኛውን ስትራይክ መሬት ሳይነካ መያዝ አለባት። ካመለጣት፣ አንደኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት አውት ካለ፣ መቺዋ የመሮጥ መብት አላት። ካቸሯ ኳሱን ፈልጋ ወይ ትነካታለች ወይ ወደ አንደኛ ትወረውራለች።

አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ሲኖርና አውቱ ከሁለት ሲያንስ ለምን ይከለከላል? ካቸሯ ሆን ብላ ጥላ፣ ሯጮቹን አስገድዳ ሁለት ሰው እንዳታስወጣ ነው።

ኳሱ ገና ሳይያዝ ዳኛው «አውት» አለ። ተሳስቶ ነው?

አልተሳሳተም። ኢንፊልድ ፍላይ ይባላል። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ፣ ወይም ሦስቱም ላይ ሯጭ አለ፤ አውቱም ከሁለት በታች ነው። መቺዋ ኳሱን ወደ ላይ አጎነችው፣ አንዷ የውስጥ ተከላካይ በቀላሉ ልትይዘው ትችላለች። ያኔ ዳኛው መቺዋ መውጣቷን ቀድሞ ያውጃል። ሕጉ ባይኖር ተከላካይዋ ኳሱን አውቃ ትጥለዋለች። ይያዛል ብለው ቤዛቸው ላይ የጠበቁት ሯጮች በድንገት መሮጥ ይገደዳሉ፤ ሁለት ሦስት ሰው ያልቃል። የባንት ኳስና ቀጥ ብሎ የሄደ ምት በዚህ ሕግ አይገቡም።

የአዲስ አበባ ከፍታ ጨዋታውን ይለውጠዋል?

አዎ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። የተመታ ኳስ የሚገታው አየር ስለሚያንስ ርቆ ይሄዳል። የሚጎዱት ፒቸሮች ናቸው። ድሮፕና ራይዝ የሚታጠፉት ኳሱ እየተሽከረከረ አየሩን ስለሚገፋ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ መታጠፉም ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ የምትለማመድ ፒቸር ከፍጥነት ለውጥ ጋር ብትወዳጅ ይሻላታል። ቼንጅአፕ ለማሳሳት የሚተማመነው በዋናነት በመዘግየቱ ነው።

የተሰላፊዎች ዝርዝር ላይ አሥር ስም አየሁ። ዘጠኝ አይደሉም?

ዲፒና ፍሌክስ የሚባለው ሕግ ነው። ፍሌክስ ትከላከላለች እንጂ አትመታም፤ ብዙ ጊዜ ፒቸሯ ናት። በእሷ ቦታ የምትመታው ዲፒ ናት። ዲፒ በሌላ ተጫዋች ምትክ ገብታ መከላከልም ትችላለች። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሜዳ ላይ ሲከላከሉ ልታዩ ትችላላችሁ። ፈጽሞ የማይቻለው ሁለቱም በአንድ ጊዜ በመቺው ወገን መሆን ነው። ፍሌክስ ከመታች የምትመታው በዲፒ ቦታ ብቻ ነው፤ ያኔ ዲፒ ትወጣለች።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ፦ ጨዋታውን የጀመረች ተጫዋች ከተቀየረች በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሳ መግባት ትችላለች፣ በራሷ የመምቻ ተራ ላይ። ለእግር ኳስ ሰው እንግዳ ነው።

ኦሎምፒክ ላይ አለ ወይስ ተሰርዟል?

ገባ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ከ1996 እስከ 2008 ነበረ። ከዚያ ወጣ። ለቶኪዮ ተመለሰ፣ ፓሪስ 2024 ላይ አልነበረም። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ይኖራል፤ የሶፍትቦል ጨዋታዎቹ የሚካሄዱት ግን ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ከአህጉራችን ቦትስዋና በዚህ ስፖርት የታወቀች ናት።

ሰባቱ ኢኒንግ አልቆ እኩል ከሆኑስ?

አቻ ተብሎ አይለያዩም፣ ይቀጥላሉ። በዓለም አቀፍ ሕግ ከስምንተኛው ኢኒንግ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን መምታት ሲጀምር ሁለተኛ ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ በነፃ ይቀመጥለታል። ሯጯ በመምቻው ተራ ከመጀመሪያዋ መቺ በፊት ያለችው ናት። ያኔ ብዙ ቡድኖች የመጀመሪያዋን መቺ ባንት ያስደርጓታል፤ ሯጯ ሦስተኛ ቤዝ ትደርሳለች። ቀጣይዋ ወደ ኋላው ሜዳ ሩቅ ኳስ ካነሳች፣ ኳሱ ቢያዝ እንኳ ሯጯ ከተያዘ በኋላ ተነስታ ነጥብ ልታስቆጥር ትችላለች። ተከላካዮቹም ይህን ስለሚያውቁ ሰርድ ቤዟ ከመጀመሪያው ኳስ ጀምራ ወደፊት ተጠግታ ትጠብቃለች።